ቡና ከነቁርሱ፦ ከቦንጋ እስከ ዋጫ

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥተው የጅማን መንገድ ይያዙ። ጅማ ምሳዎን በልተው የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ የመኪናው መስኮት በአረንጓዴ ይሞላል። 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ቦንጋ ይገባሉ። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የአረቢካ ቡና እዚህ ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ልጆች ይዘው ከሄዱ ብሔራዊውን የቡና ሙዚየም ያሳዩዋቸው፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚያዩት ስኒ ከየት እንደመጣ ይገባቸዋል።

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ የውሽውሽን የሻይ ልማት አልፈው ሲቀጥሉ ዋጫ ይደርሳሉ። ዋጫ የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ትንሽ ናት፤ ቸኩለው ካለፏት ግን ይቆጭዎታል። ገበያዋ ላይ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማርና ቆጮ ያገኛሉ። የቡና ለቀማውን ማየት ከፈለጉ ጉዞዎን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ያድርጉት።

እኔ ግን ወደዚህ ስመጣ ከሽርሽር ሌላ አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር። በከተማችን «አረንጓዴ ቡና» የሚባል እንክብል ይሸጣል። «የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ስብ ያቀልጣል፣ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል ማስታወቂያው። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንክብሉ ስለተወደደባት «ከከፋ ጥሬ ቡና አምጪልኝ፤ ፈጭቼ ቀቅዬ እጠጣዋለሁ፤ ምሳም እተዋለሁ» አለችኝ። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ስለዚህ ከማሸጊያው ጀርባ ያለውን ታሪክ ፈለግሁ።

እንክብሉ ከጥሬ ቡና የሚሠራው በምክንያት ነው። ጥሬ ቡና ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ቡናው ሲቆላ አብዛኛው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሕንድ አገር የተደረገ አንድ ጥናት የጥሬ ቡና ጭማቂ የወሰዱ ሰዎች በ22 ሳምንታት ውስጥ 8 ኪሎ ያህል ቀነሱ አለ። የተሳተፉት 16 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የዶክተር ኦዝ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ወሬውን አስተጋባው፤ ገበያውም ደራ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለጠ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳለው የተሳታፊዎቹ ክብደት በተደጋጋሚ ተቀያይሮ ተጽፏል፤ ሰዎቹም ምግብ እንዲቀንሱና እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ተነግሯቸው ነበር። ጥናቱን ያሠራው ኩባንያ በመስከረም 2014 (እ.ኤ.አ.) 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ ጥናቱ ከመጽሔቱ ተሰረዘ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የሌሎች ሦስት ጥናቶችን ውጤት የደመረ ግምገማ ልዩነቱ 2.5 ኪሎ ገደማ ነው ብሎ ነበር፤ ሆኖም ጥናቶቹ በአሠራራቸው ደካማ በመሆናቸው ውጤቱን ለማመን እንደሚያስቸግር አስጠንቅቋል።

ዋጫ ውስጥ ቡና ባፈሉልኝ እናት ቤት ይህንኑ አነሣሁ። «እማማ፣ እዚህ ሰው ረሀቡን ለማጥፋት ቡና ይጠጣል?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ምነው ልጄ፣ በባዶ ሆድ ቡና ማን ይጠጣል? ይልቅ መጀመሪያ ቅመሺ» ብለው ትኩስ ቆጮ አቀረቡልኝ። ከዚያ አቦሉ መጣ፤ ጎረቤቶችም ተጠርተው መጡ፤ በረካው እስኪደርስ ወሬው አላለቀም። ልብ ይበሉ፤ እኛ አገር ቡና ሲፈላ «የቡና ቁርስ» የሚባል ነገር አብሮ ይቀርባል፤ ቆሎም ይሁን ዳቦ። ቡና ከምግብና ከሰው ጋር እንጂ በምግብ ምትክ አልተሰጠንም። እንክብሉ ግን የቡናውን ስም ወስዶ ቁርሱንም ጎረቤቱንም ትቷቸዋል።

ለባልደረባዬ ከዋጫ ቡና አመጣሁላት፤ የሚቆላ፣ ለቤተሰብ የሚፈላ። ስለ ክብደቷ ግን ሐኪሟን እንድታማክር ነገርኳት። ጥሬ ቡናም ካፌይን አለው፤ ካፌይን የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ችግር የለውም ይላል፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደግሞ እስከ 200። እንክብል ላይ ቡናውን የሚጠጡበት ስኒ ሲጨመር ድምሩን ማን ይቆጥረዋል?

እርስዎም እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያዩ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። በትንሹ ፊደል «ከተመጣጠነ አመጋገብና ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጋር» የሚል ካገኙ፣ ሥራውን የሚሠራው አመጋገቡና እንቅስቃሴው መሆኑን ሻጩ ራሱ ነግሮዎታል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ደግሞ ስለ ምንጩ እንጂ ስለ ደኅንነቱ አይናገርም። የካፌይን መጠኑ በቁጥር ካልተጻፈ፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡም ካልታወቀ ይተዉት። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።

ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከቡናው ሊያነሣው የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እሱም ስኳሩ ነው። ዋጫ ሲሄዱ ደግሞ ጫማዎን አጥብቀው ደኑ ውስጥ በእግርዎ ይግቡ። ዳገቱ ብዙ ነው፤ ሲመለሱ ይርብዎታል። ይብሉ።