ሰባት ነጥብ አምስት

ዛሬ ምሳ ላይ የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ደግሞ አናደደኝ። አዎ፣ ያው ልጅ። የሽሮ ሒሳብ በስልኩ ካልኩሌተር ለአምስት የሚያካፍለው።

ምግብ ቤቱ ቢትልስ ከፍቷል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ "ይሄን ሁሉ ያመጣው እኮ ማናጀራቸው ነው፣ ብራያን ኤፕስታይን" አልኩ። ልጁ ስልኩን አወጣ። አነበበ፣ አነበበና "ይሄ ሰውዬ የነሱ ማናጀር ነው ወይስ ለተጋጣሚ ነበር የሚጫወተው?" አለ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቢሮ ስመለስ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ዋለ፤ እዚሁ ልዘርግፈውና ልተኛ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ አርሙኝ እንዳትሉ።)

ልጁ የጠራቸው ቁጥሮች ልክ ናቸው፤ አልዋሽም። በ1962 ከሸክላ አሳታሚው ኢ.ኤም.አይ. ጋር ሲዋዋሉ ከተሸጠች አንዲት ሸክላ የሚደርሳቸው አንድ ፔኒ ነው፤ እሷኑ ለአራት። ከእሷም ላይ የማናጀሩ ድርሻ ይነሳል። በ1963 መጨረሻ ደግሞ የቢትልስን ስምና መልክ ዕቃ ላይ የማተም መብት ተሸጠ፤ 90 በመቶው ለገዢዎቹ፣ 10 በመቶው ለኤፕስታይን ወገን። የገዢዎቹ ኩባንያ ስሙ ሴልታኤብ ነው፤ ቢትልስ የሚለው በፈረንጅ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠውን ዊግና አሻንጉሊት አስቡት። ስሙን ገለበጡት፣ ኪሱንም ገለበጡት።

የመጀመሪያ ፊልማቸውማ! አዘጋጆቹ ከትርፉ እስከ 25 በመቶ ሊሰጡ ቆርጠው ተቀምጠዋል። ኤፕስታይን ኮስተር ብሎ ገባና ከ7.5 በመቶ በታች ወይ ፍንክች አለ ይባላል። የኛ ልጅ እዚህ ሲደርስ እንባውን በሶፍት ጠረገ።

እዚህ ላይ ግን እኔ አልሳቅኩም። ለምን እንዳልሳቅኩ የሰፈሬ ልጆች ታውቃላችሁ።

ማናጀር ነበርኩ። አራት ልጆች፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ የውሰት ቤዝ ጊታር፣ የጎደለ ድራም፣ ሁለት ሞንታርቦ። እኔ ምንም አልጫወትም። ማናጀር የሆንኩት የአጎቴ ሱቅ ስልክ ስለነበራት ነው። አንድ ሆቴል ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጠራን። ከተማውንም ሆቴሉንም አልጠራም፤ ባለቤቱ ዛሬ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። "ስንት ትላላችሁ?" አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ፤ ደረቴን ነፋሁና "ጋሼ፣ ከአንድ ሺህ ብር በታች ኪቦርዱን ከሻንጣው አናወጣም!" አልኩ። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ግንባራቸውን አሹ። "እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ልጆቼ ናችሁ" አሉ። አንጀቴን በሉት፤ ሰውዬውን አራቆትኳቸው ብዬ ምሳ አልበላ አለኝ። በኋላ የነገረችን ገንዘብ ያዧ ናት። ለባንድ ብለው አራት ሺህ ብር በፖስታ ለይተው አስቀምጠው ነበር።

እሱስ ይሁን። ሲነጋ ሒሳብ ልቀበል ስሄድ ከሺህ ብሩ ላይ የአምስት ሰው ጥብስ ተቀነሰ። ይሁን፣ በልተናል። የአምስት ሰው ፍርፍር ተቀነሰ። ይሁን። ከዚያ፣ ስሙኝ፣ አምቦ ውሃ ተቀነሰ! መድረክ ላይ እያለን ራሳቸው "ልጆቼ ጉሮሯቸውን ያርጥቡ" ብለው በአስተናጋጅ የላኩትን! ዘፋኛችን ደግሞ አምቦ አይጠጣም፤ ሆዱን ይነፋዋል። ያልከፈታት ጠርሙስም ተቀነሰችበት። ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ፤ ዛሬም አምቦ ሲከፈት ስሰማ ጆሮዬ ይቀላል።

ቤዝ ተጫዋቹ አሁን ዴንቨር ነው። በየእንቁጣጣሹ "እንኳን አደረሰህ፣ ሺህ ብር" ብሎ ይልክልኛል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ግን ያንን ሞንታርቦ ከአውቶብስ ተራ ጀምሮ በዝናብ በትከሻው የተሸከመ ማን ነው? "ባንድ አለን" እያልኩ ስንት ሆቴል በር ላይ ዘበኛ መልሶኛል። ለልጆቹ አንድ ቀን እንኳ "እምቢ አሉ" ብያቸው አላውቅም። "እያሰቡበት ነው" ነበር የምለው።

ምን እያልኩ ነበር? ኤፕስታይን።

ሰውዬው በኖቬምበር 9 ቀን 1961 ሊቨርፑል ውስጥ ካቨርን የሚባለው ምድር ቤት ሲወርድ 27 ዓመቱ ነው። የቤተሰቡን ሸክላ ቤት ያስተዳድራል፤ ክራቫቱ ዝንፍ አይልም፤ ማናጀርነት በደረሰበት አልደረሰም። (ቤተሰቡ የቤት ዕቃ ነጋዴዎች ናቸው። የፖል ማካርትኒ አባት ፒያኖ የገዙት ከነሱው ሱቅ ነው።) መድረኩ ላይ ያገኘው በቆዳ ልብስ ሆነው እየበሉ፣ እያጨሱ፣ እየተሳደቡ የሚጫወቱ ጎረምሶች። ጆርጅ ሃሪሰን ገና 18 ዓመቱ። ሱፍ አለበሳቸው፣ ዘፈን ሲያልቅ እጅ መንሳት አስተማራቸው፣ ቴፓቸውን ይዞ ለንደን መመላለስ ጀመረ። ዴካ እምቢ አለ። ሌሎቹም እምቢ አሉ። ኢ.ኤም.አይ. ራሱ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ በመጨረሻ በፕሮዲውሰሩ በጆርጅ ማርቲን በኩል፣ በኢ.ኤም.አይ. ሥር በነበረው በፓርሎፎን በር ገቡ። ያቺ የተሳቀባት አንድ ፔኒ የመጣችው ከዚያ ሁሉ ደጅ ጥናት በኋላ ነው። በሌላ በር ሁለት ፔኒ ይዞ የቆመ ሰው አልነበረም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ?

"ማን ያውቅ ነበር" የሚለው ግን ለአሻንጉሊቱ አያስኬድም፤ እሱን ልጁ ይውሰድ። የኤልቪስ ማናጀር ኮሎኔል ፓርከር በ1956 የዘፋኙን ስም ሊፕስቲክ ላይ ሳይቀር ለጥፎ ሸጦ አሳይቷል። ፓርከር ቁጥር ጠንቅቆ ያውቃል። በተለይ የራሱን፤ በኋላ ላይ እስከ ግማሽ ድረስ ይወስድ ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኤፕስታይን በጃንዋሪ 1962 የመጀመሪያውን ውል አራቱን አስፈረመና እሱ ራሱ ሳይፈርም ቀረ። መሄድ ካማራቸው እንዲሄዱ። በዚያው ዓመት በኦገስት ከበሮ መቺውን ፒት ቤስትን ለማባረር ሲወስኑ ሦስቱ ጓደኞቹ ፊቱን አላዩትም። ቢሮ ጠርቶ የነገረው ኤፕስታይን ነው። ክፉውን ወሬ የሚያደርስ ሰው ደሞዙ በስንት በመቶ ይታሰባል? በፌብሩዋሪ 1964 ኤድ ሰሊቫን ሾው ላይ ሲወጡ 73 ሚሊዮን ሰው አያቸው። ለሦስት ጊዜ የተከፈላቸው 10 ሺህ ዶላር ነው፤ ርካሽ ነው። እሱ ሙጭጭ ያለው ስማቸው ከሁሉም በላይ እንዲሆን ነበር። አሁን ከዚያ 10 ሺህ ዶላር ላይ የቀረ ካለ ንገሩኝ፤ ስማቸው ግን እዛው ነው።

ይቅር የማልለው አለኝ። የዘፈኖቹን መብት የያዘው ድርጅት በ1963 ሲቋቋም አብላጫው በሌላ ሰው እጅ ገባ። በ1969 ተሸጠባቸው፤ በ1985 ማይክል ጃክሰን ካታሎጉን በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ፖልና ጆን የጻፉት ዘፈን እንደ ኮንዶሚኒየም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከሱ የባሰም አለ። በ1967 መጀመሪያ ከኢ.ኤም.አይ. ጋር የዘጠኝ ዓመት ውል ሲታደስ ገንዘቡ በኤፕስታይን ድርጅት በኩል እንዲያልፍና 25 በመቶው እዚያ እንዲቀር ተደረገ። የማናጀርነት ውሉ ሊያልቅ ወራት ነበር የቀሩት። ይሄኛውን ሞኝነት ልለው አልችልም። ልጁ እዚህ ድረስ አላነበበም፤ እኔም አልነገርኩትም።

በዚያው ዓመት፣ ኦገስት 27፣ ለንደን ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የእንቅልፍ መድኃኒት በዝቶበት ነው፤ መርማሪው ድንገተኛ አደጋ ነው አለ። 32 ዓመቱ። ቢትልሶቹ ዌልስ ነበሩ፣ ከሕንዳዊው መምህር ከማሃሪሺ ጋር። ጆን ሌነን ያኔ አለቀልን ብሎ እንዳሰበ በኋላ ተናግሯል።

ቁጥር የሚያውቅ ሰውማ መጣላቸው፤ አለን ክላይን። የእውነት ያውቃል፤ ከአሜሪካው ሸክላ አሳታሚ የተሻለ ክፍያ አስወጣ። ፖል አልፈርምም አለ። ሦስቱ ፈረሙ። በ1970 የመጨረሻዋ ቀን ፖል ሦስቱን ጓደኞቹን ፍርድ ቤት ገተራቸው። ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ፔኒዋን አስጨምሮ አራቱን የበተነ፣ ፔኒዋን አሳንሶ አራቱን ይዞ የቆየ። የኔ ወንድም፣ ይሄን በካልኩሌተርህ አካፍለው እስቲ።

አሁን ዴንቨር ጻፍኩ፤ "ሞንታርቦውን ማን ተሸከመው?" አልኩት። አይቶታል። እየጻፈ ነው ይላል።

"ሺህ ብር" አለኝ።

ውሃ መጣ መሰለኝ። ልሂድ።