አይ.ኤን.አር 1.6

የእታለምን ነገር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁ፦ ልቧ ውስጥ የብረት ቫልቭ ያላት ታላቅ እኅቴ ናት፤ ማታ ጸጥ ሲል ቷ ቷ ሲል ይሰማል። ይበቃል።

ዛሬ የደም ውጤቷን ይዘን ከባሕር ዳር ግንደወይን ገባን። ቤት ስንደርስ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ቡና ቀርቧል፣ ወረቀቱ እንደ ክስ መዝገብ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሁለት ቁጥሮች ላይ ወደ ላይ የቆመ ቀስት አለ። ሲ.አር.ፒ 14፣ ቀስት። አይ.ኤን.አር 1.6፣ ቀስት። በቃ፣ ለቅሶ ሊጀመር ነው። አንዷ «ደሟ ተቆጥቷል፣ ልቧን ሊያቆመው ነው» አለች። አንዱ ዐዋቂ ደግሞ «ደሟ ከመጠን በላይ ቀጥኗል፤ ክኒኑን ለጊዜው ትተወው» አለ። ስኒዬን ያስቀመጥኩት እዚህ ላይ ነው።

ሲ.አር.ፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ሰውነት ውስጥ የሆነ ቦታ ብግነት ሲነሣ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ የት እንደተነሣ ግን አይናገርም። በፈረንጆቹ 1930 ኒውዮርክ ላይ መጀመሪያ የታየውም የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ነው። የልብ ሐኪሞች ይፈልጉታል፣ እውነት ነው፤ ደኅና በሚመስል ሰው ላይ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጥሩ፣ ከ3 በላይ ሆኖ ከሰነበተ የልብ ሕመም ስጋቱ ከፍ ያለ ነው ይላሉ። 10 ካለፈ ግን የልቡን ወሬ ትቶ ሰውየው ምን እንደያዘው መጠየቅ፣ ሲሻለው እንደገና መለካት ነው። እታለም ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስታስነጥስ ነው የከረመችው! (ቫልቭ ያለው ሰው ትኩሳት ሲይዘው ቀልድ የለም፣ ቫልቩ ላይ ተሕዋሲ ሊሰፍር ይችላል። እሷ ትኩሳት የላትም፣ ሐኪሙም አይቷታል። ኮሜንት ላይ እንዳትጨቃጨቁኝ።)

የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው፤ ያስፈራው ግን በተቃራኒው። አይ.ኤን.አር ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ከጤነኛ ሰው ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር ነው፤ የጤነኛው 1 አካባቢ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ የታተመው የጤነኛው ነው። ማሽኑ እሷ ደም የሚያቀጥነውን ክኒን፣ ዋርፋሪንን፣ እንደምትውጥ በምን ያውቃል? እንደ እሷ ሚትራል በሚባለው የልብ ቫልቭ ቦታ ብረት ለገባለት ሰው የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ስለዚህ የእሷ 1.6 ወርዷል እንጂ አልወጣም። ብረቱ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፣ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። «ክኒኑን ትተወው» ያልከው ጋሼ፣ እወድሃለሁ፤ ቡናህን ጠጣ።

ደወልን። ሐኪሙ መጠኑን ከፍ አደረገና በሳምንት ተመልሳ ትለካ አለ። በሳምንት! መንገዱ በሳምንቱ ይከፈት ይዘጋ ማንን ልጠይቅ?

ለምን ወረደ? ጎመን ነዋ። ወይ ጎመን! በፊት አንድ ባለሙያ «ጎመን የሚባል እንዳትቀምሺ» ብሏት ነበር። ጎጃም ውስጥ! በሁዳዴ! ሰውየው የት አገር ነው ያደገው? ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል፣ ልክ ነው። መላው ግን መተው አይደለም፤ ሁልጊዜ ተቀራራቢ መጠን መብላት ነው፣ ክኒኑ የሚመጠነው በምትበላው ልክ ነውና። እሷ ክልከላውን አክብራ ወራት ራቀችው፤ ጾሙ ሲገባ ትዕግሥቷ አለቀና ድስቱን ጠረገችው። አልፈርድባትም፣ አብሬ በልቻለሁ። ግሩም ጎመን ነበር።

ደግሞ «የምትውጪው እኮ የአይጥ መርዝ ነው» ብሎ ያስደነገጣት አለ። ነው እኮ! አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች እየደሙ ሲያልቁ፣ ያንን ሲመረምሩ የተደረሰበት መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ለአይጥ ዋለ፣ በ1954 ለሰው ተፈቀደ፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ልባቸውን ከታመሙ በኋላ ወስደውታል። ይህን ስነግራት እታለም «ሰውየው ጎመን ይበሉ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሳቅን። እኔን የሚያበግነኝ ግን ጎመኑ አይደለም። ይሄ ሁሉ ጣጣ የጀመረው ከጉሮሮ ነው። ልጅ ሆነን ሁለታችንንም ጉሮሯችንን ያመን ነበር፤ መድኃኒቱ እንጥል ማስቆረጥ ነበር፣ ተቆረጥን። ጉሮሮ የሚያሳምመው ተሕዋሲ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ እንጥል ስለተቆረጠ አይሄድም። ቆይቶ የእታለም ጉልበት አበጠ፣ እሱ ሲተዋት ክርኗ። «ብርድ ነው» ተባለ፣ ቅቤ ታሸች። ለካ ሰውነቷ ተሕዋሲውን ሲዋጋ የገዛ ቫልቯን እየመታ ነው፤ ሩማቲክ ትኩሳት ይሉታል። ያኔ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመውን ኢ.ኤስ.አር የሚለካላት ብታገኝ! ውድ ምርመራ አይደለም፤ ደሙን ቀጭን ቱቦ ውስጥ አቁሞ ቀዩ በሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደዘቀጠ ማየት ነው። በፈረንጆቹ 2015 የተሻሻለው የሩማቲክ ትኩሳት መለያ፣ በሽታው ብርቅ በሆነበት አገር 60 ሲጠይቅ እንደኛ ባለው 30 ይበቃል ይላል። ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ከጉልበቱ እብጠትና ከጉሮሮው ጋር ሲደመር ግን ሐኪሙን ያነቃዋል። ከዚያ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ። መርፌ! ዶክተር በላይ አበጋዝ የሕፃናቱን ልብ መርጃ ካቋቋሙበት ከፈረንጆቹ 1989 ጀምሮ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ማዕከሉ በ2009 እስኪከፈት ድረስ የፈጀው ልመናና ልፋት፣ ዛሬም ያላለቀው ወረፋ፣ ስንቱ መርፌው ባመለጠው ልጅ ነው የመጣው?

እኔንም አሞኝ ነበር፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ክረምት። እኔ ደኅና ነኝ። ለምን እሷ ብቻ እንደሆነች የነገረኝ ሐኪም የለም። ተዉት፣ ልተኛ።