ሚዛኑና ሜዳው

ስለ አየር መንገዳችን የሚጻፈው ብዙው ነገር ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር ነው የሚበረው። በወለጋ ቄለም አውራጃ ላደግን ሰዎች ግን አየር መንገድ ማለት የደምቢዶሎ የሣር ሜዳ፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤትና ትልቅ ሚዛን ነበር። ድርጅቱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. መቋቋሙን፣ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ውል መግባቱን፣ ከጦርነት በተረፉ ሲ-47 አይሮፕላኖች መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ካይሮ መድረሱን ያወቅሁት አድጌ ነው። በልጅነቴ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ እኛ ዘንድ የሚመጣው የዚያው የሲ-47 ወንድም ዲሲ-3 ነበር።

ዝናብ ግንቦት ላይ ይገባል፤ እስከ ጥቅምት አይለቅም። አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በጊምቢ አድርጎ ዴዴሳን ተሻግሮ ነቀምቴ ለመድረስ የተነሣ የጭነት መኪና ጭቃ ላይ ተኝቶ ሲያድር፣ ሹፌሩና ረዳቱ እዚያው መንገድ ዳር ወጥ ሲሠሩ አይቻለሁ። እኔ እስከማስታውሰው ድረስ በደምቢዶሎ ከመኪና ይልቅ አይሮፕላን ነበር ቀጠሮ የሚያከብረው፤ እሱም ሜዳው ካልረጠበ ነው።

አይሮፕላኑ የሚመጣ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ጆሮ የሚሰጥ ተማሪ አልነበረም። ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ የሜዳው ዘበኛ ዱላውን ይዞ ከብቶቹ ላይ ይሮጣል። እኛም እንከተለዋለን። አብራሪው አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሜዳውን ቃኝቶ ያልፋል፤ ላሞቹ ካልወጡለት ይዞራል። አንዳንዴ አንዲት ግትር ጊደር ያን ሁሉ ሰው ስታስጠብቅ ባለቤቷ ከሰው መሐል ገብቶ ይደበቃል። ሲያርፍ አቧራውና ሣሩ ፊታችን ላይ ይመጣል። በሩ ሲከፈት የፖስታ ከረጢት፣ ለአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል የሚሆን መድኃኒት፣ ቀኑ ያለፈበት አዲስ ዘመን ይወርዳል። ፖሊስ አጅቦት የሚወርድ ሣጥን ከታየ አስተማሪዎቻችን በዚያ ሳምንት ፊታቸው ይፈታል። ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ማርና ቅቤ፣ ነጋዴዎች የሚልኩት የቡና ናሙና፣ በቃሬዛ የመጣ በሽተኛም ነበር።

ሚዛኑ የከተማው መዝናኛ ነበር። ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሰውም ይመዘናል። ወኪሉ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ለጸሐፊው ስለሚያነበው፣ የአንድ ታላቅ ባላባት ኪሎ በነጋታው ጠጅ ቤት ውስጥ መከራከሪያ ሆኖ ያገኙታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጥብቀው እየሳቁ ይወጡበታል።

እኔ የተመዘንሁት በ1961 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ለትምህርት ስሄድ ነው። እናቴ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ጭኮ ጠቅልላ አምጥታለች። ወኪሉ ሚዛኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አዴ፣ የሚሄደው ልጁ ነው ወይስ ጭኮው?»

«ልጁ ከጭኮው ይቀላል፤ እሱን ካልከለከልኸው እሱን የሚያኖረውን ለምን ትከለክላለህ?»

ግማሹ ተጫነ። ግማሹን ወኪሉ እየቀመሰ አስረከባት።

ዲሲ-3 መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱ ዝቅ ስለሚል፣ ወደ መቀመጫችን የሄድነው ሽቅብ እየወጣን ነው። አብራሪያችን ሀበሻ መሆኑን ያዩ አንድ ሽማግሌ «የእኛ ልጅ ነው?» ብለው ደጋግመው ጠየቁ። እንግዲህ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ከሆኑ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ወሬው ግን ለሽማግሌው አልደረሰም።

ነቀምቴ አረፍን። እዚያ የተሳፈሩ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ አርበኛ አጠገቤ ተቀመጡ። ልንነሣ ስንል በመስኮቱ ጣታቸውን ቀስረው «ቦነያ በዚያ በኩል ነው» አሉኝ። «ለወለጋ አይሮፕላን አዲስ ነገር መስሎህ እንደሆነ፣ እኛ አቃጥለነዋል!» ፉከራ መሰለኝ። በኋላ በታሪክ መጻሕፍት እንዳነበብሁት፣ ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔራል ማሊዮኮንና ታዋቂውን አብራሪ ሎካቴሊን የያዙ ሦስት የጣሊያን አይሮፕላኖች ደጃዝማች ሀብተ ማርያምን ለማነጋገር ቦነያ አርፈው ነበር። በዚያች ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችም ጭምር፣ ከበቧቸው። አይሮፕላኖቹ ነደዱ፤ ከመጡት ጣሊያኖች ጥቂት አይደሉም የሞቱት፣ አባ ቦሬሎ የተባሉት ካህን ተረፉ። በበረራችን ቀን ግን ሞተሩ ሲጮህ እኚያ ደፋር ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዴን ጨምቀው ይዘውኝ ነበር፤ እስከ አዲስ አበባም አልለቀቁኝም።

የልደታው ሜዳ ለጄት ስለማይበቃ የተሠራው ቦሌ ስንደርስ፣ በ1955 ዓ.ም. ከመጡት ቦይንግ 720ዎች አንዱ ቆሟል። ሁላችን ቆመን አየነው። የአስተናጋጇን «በዚህ በኩል» የሰማ አልነበረም። የእኛው ዲሲ-3 ከጎኑ ሲቆም እንዴት እንዳነሰ! እውነቱን ለመናገር ግን ጄቱ የሄደበትን አገር ሁሉ ያለ እሱም መድረስ ይቻል ነበር። እናቴ ጋ የሚያደርሰኝ ያ ትንሹ ብቻ ነው። የአየር መንገዱን ታላቅነት በሚያወሳ በዓል ላይ ይህን የሚናገር ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። አብዮቱ መጣ፤ ዲሲ-3ዎቹ እያረጁ ሄዱ። ከአጭር ሜዳ መነሣት የሚችሉ ትዊን ኦተሮች የኋላ ኋላ ቢመጡም፣ መንገዱ እየተሻሻለ ሲሄድ ለትንንሽ ከተሞች የነበረው በረራ በየጊዜው ሳሳ።

ግንቦት 1976 ዓ.ም. ለዕረፍት ደምቢዶሎ ነበርሁ። የሄድሁት በአውቶቡስ ነው። ሬዲዮው አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ፣ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ ግንቦት 24 ቀን አዲስ አበባ መግባቱን ተናገረ። አባቴ ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ውጭ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ሜዳው በጭቃ ተዘግቶ የቡና ናሙናቸው ሣጥን ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ሳምንት ሆኖታል።

«ጎበዞች ናቸው» አሉ ሬዲዮኑን እየዘጉ። «ነገ ማለዳ ሂድና ሣጥኑን መልስልኝ፤ በመኪና እንልከዋለን።»