ወደ አዋሽ ሲወርዱ ጎማዎ ምን ይዟል?

ቅዳሜ ማለዳ ልጆችን ይዘው ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሊወርዱ ነው እንበል። ውሃው፣ ቆሎውና የልጆቹ ኮፍያ ተዘጋጅቷል። ጎሚስታው ጋ ጎራ ሲሉ «ተራ ንፋስ ነው ናይትሮጅን?» ሊባሉ ይችላሉ። ናይትሮጅን ካሉ ብዙ ጊዜ ቫልቩ ላይ አረንጓዴ ክዳን ይደረግልዎታል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ያቺን ክዳን አደንቃታለሁ፤ የማይታየውን ዕቃ አሳይታ ትሸጣለች።

የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። የንጹሑ ጥቅም እርጥበት የሌለው መሆኑና ከጎማው ቀስ ብሎ መውጣቱ ነው። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ጎማዎችን በ30 ፒኤስአይ ሞልቶ ለአንድ ዓመት ሲከታተል፣ ተራ አየር የተሞሉት በአማካይ 3.5፣ ናይትሮጅን የተሞሉት 2.2 ፒኤስአይ ቀንሰዋል። ልዩነት አለው፤ ትንሽ ነው እንጂ።

አሁን መንገዱን ይመልከቱ። ከአዲስ አበባ ብርድ በፈጣን መንገዱ ወጥተው አዳማ ሲደርሱ ሹራብ ይወልቃል። መተሐራ ላይ የመኪናው መስኮት ሁሉ ይከፈታል። እዚያ የበሰቃ ሐይቅ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ተንጣሎ ይታያል፤ ከበላዩ የፈንታሌ ተራራ አለ። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኗል። ልጆች «ባሕር ነው?» የሚሉት እዚህ ነው።

እስከ አዋሽ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርደዋል። የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር ጌጁ 2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይላል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ናይትሮጅንም ተራ አየርም እኩል ናቸው። ሲነዱ የጋለ ጎማ ቁጥሩ ቢጨምር አያስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድልብዎታል።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ናይትሮጅን የሞላ ሰው «ተራ ንፋስ አይቀላቀልም» ብሎ በጎደለ ጎማ መንዳቱ! የጎደለ ጎማ እየተጣጠፈ ይግላል፤ በጋለ አስፋልት ላይ ቤተሰብ ጭኖ የሚፈነዳውም እንዲህ ያለው ነው። ቢቀላቅሉት ምንም አይሆንም፤ ያገኙትን ይሙሉ።

ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ የተለጠፈው ነው፤ ጎማው ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ወሰን ነው። ጠዋት ሳይነሱ ይለኩ። ለናይትሮጅኑ ሊከፍሉ ባሰቡት ገንዘብ የኪስ ጌጅ ይግዙ፤ ትርፍ ጎማውንም ይለኩበት።