በእንጦጦ ሸንተረር ላይ የተነሣ ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ጽጌ ትላቸዋለች። በማኅሌተ ጽጌና በሰቆቃወ ድንግል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን። ብዙዎቻችን ግን ማኅሌቱን የምንቆመው በከተማ መካከል ነው፤ የምናነሣውን አበባ በዓይናችን ሳናይ ወቅቱ ያልፋል። ስለዚህም በጥቅምት መጀመሪያ ባለች አንዲት ቅዳሜ፣ አብሮኝ ከሚማር ወንድም ጋር ወደ እንጦጦ ወጣሁ።

ከሽሮ ሜዳ በእግር ለሚነሣ ሰው ዳገቱ ቀላል አይደለም፤ አናቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ቅዱስ ራጉኤል ስትሄዱ ከባሕር ዛፉ ሥር እምብዛም አበባ አታገኙም። ደኑ ገለጥ ባለበት ሁሉ ግን አደይ አበባ መሬቱን ሸፍኖታል፤ የረገጣችሁት ጦስኝም መዓዛው ይከተላችኋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በዚያ በማርያም ደብር ዘውድ የጫኑት በጥቅምት ወር ነበር። ያን ጊዜም ተራራው ይህንኑ ቢጫ ለብሶ እንደ ነበር እገምታለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሸንተረር የውኃ መለያ ነው። በደቡብ ገጹ የወረደው ዝናም ወደ አዋሽ ይገባና በአፋር በረሃ ይቀራል፤ በሰሜን ገጹ የወረደው ግን በዓባይ በኩል ግብፅ ይደርሳል። ስደቷን በምናስብበት ወራት፣ እመቤታችን በእንግድነት ወደ ኖረችበት አገር የሚሄደውን ውኃ መነሻ ረግጦ መቆም ልብን ይነካል።

ወንድሜ ግን ዝም ብሎ ነበር። አባቱ ያረፉት በሐምሌ ነው። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ስለ ሜዳ አበቦች የተነገረውን የጌታችንን ትምህርት እያነሣ አጽናንቶታል። ከአደዩ መካከል ቆሞ፣ «ዲያቆን፣ ነገ እቶን ውስጥ የሚጣል ሣር ዛሬ ማጌጡ ለእኔ ምን መጽናኛ ነው? አባቴም ሳይቆይ ሄደ» አለኝ።

ጥያቄው የክህደት አይደለም፤ ቃሉን አስተውሎ ከሰማ ሰው የሚወጣ ነው። እኛ ስናስተምር አበባውን እናነሣለን፣ እቶኑን እንዘላለን። መድኃኒታችን ግን እቶኑን አልደበቀም። ወዲያው የመለስኩለት ነገር አልነበረም።

ጥቂት እንደ ሄድን ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘን። «ምን ልታዩ ወጣችሁ ልጆቼ?» አሉ። አበባ ለማየት መሆኑን ስንነግራቸው ሣቁ። «እኔ ስረግጠው ነው የምውለው» አሉን። ያ ጭራሮ ወደ ምጣድ እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እቶኑ በጀርባቸው ላይ ነበር። ወንድሜ ምንም ሳይናገር ገመዱን በትከሻው አስገባና ሸክሙን አነሣ። እናታችን «ተው ልጄ፣ አንተ አለመድክም» ቢሉትም እስከ አስፋልቱ ድረስ አወረደላቸው።

ስንወርድ ያሰብኩትን ነገርኩት፤ ለእናንተም እነሆ። ጌታችን አበባው ይቆያል አላለም። የማይቆይ መሆኑን እያወቀ ያለብሰዋል፤ ልብሱን በዕድሜው ልክ አይሰፍርለትም። የአጭር ዘመን ሰውም ቸል የተባለ ሰው አይደለም። ስለ ሙታን ትንሣኤ የምናምነው ከዚህ ይበልጣል፤ ያን ቀን ግን የቻልኩት ይህን ያህል ነበር።

ወንድሜ ትከሻውን እያሸ፣ «አባቴም እንጨት ይሸከም ነበር፤ እኛን ያስተማረን በዚያ ነው» አለኝ። በሦስት ዓመት ጓደኝነታችን ይህን ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ስለ አባቱ ሲያወራልኝ ወረድን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።