የገደል ጎረቤት

ሰው የሚኖርበትን አገር በምን ይመርጣል? አብዛኞቻችን አልመረጥንም። የዲቪ ዕጣ ወጥቶልን ነው፣ ወይም ቀድሞ የሄደ ያክስት ልጅ ስቦን ነው፣ ወይም እሺ ያለን ኤምባሲ እሱ ብቻ ሆኖ ነው። ሥራው፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ትምህርት ቤቱ ከዚያ በኋላ እየተጎተቱ ይመጣሉ። እኔ የማውቃቸው አንዳንድ ሰዎች ግን አገር የሚመርጡት በድንጋዩ ነው። ቋጥኙ የት ነው? ቁመቱ ስንት ነው? ፀሐይ የሚያርፍበት ጧት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? ዝናቡስ ስንት ወር ነው? ይህን ሁሉ ጠይቀው ሲጨርሱ ነው ሥራ የሚፈልጉት። ቋጥኝ ወጪዎች ናቸው። እኔም፣ ዕድሜዬ 40 ካለፈ በኋላ እንኳ ሳላፍር እናገራለሁ፣ ከእነሱ አንዱ ነኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ቋጥኝ መውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ገመዱን ወገቡ ላይ ካለው መታጠቂያ አስሮ በእጁና በእግሩ ይወጣል፤ ሌላው ከታች ቆሞ ገመዱን በልኩ እየለቀቀ ይጠብቀዋል። ወጪው በየጥቂት ሜትሩ ገመዱን ዐለቱ ላይ ከተተከለ ብረት ጋር ያያይዛል። ቢወድቅ የሚይዘው ገመዱ ነው፤ ገመዱን የሚይዘው ደግሞ ያ ሰውዬ ነው። በኛ ቋንቋ ስም ስላልወጣለት «ገመድ ያዥ» እለዋለሁ።

የእኔ ገመድ ያዥ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገመዴን ይዞልኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ሚስቱ ሞት ያወራኝ ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ ሳልናገር ያውቃል። ይህ ሰው ላስ ቬጋስን ለቆ ካሊምኖስ የምትባል የግሪክ ደሴት ላይ ቤት ተከራየ። «ባዶ ክፍል አለኝ፤ ና» አለኝ። እኔ ላስ ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ፤ በሳምንት አራት ሌሊት። ጥሪው እንቅልፍ ነሣኝ።

ጥያቄው የድንጋይ ብቻ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ ዮሰሚቲ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤል ካፒታን የሚባል 900 ሜትር ገደማ የሚሆን አንድ ወጥ ግራናይት ቆሟል። ዋረን ሃርዲንግና ጓደኞቹ በ1958 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን ናቸው) አፍንጫ በሚባለው መስመር ጫፉ ላይ ሲደርሱ፣ እየወረዱና እየተመለሱ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በ1993 ሊን ሂል የምትባል ሴት በብረቱ ሳትንጠለጠል፣ በጣቷና በእግሯ ብቻ ወጣችው። ግን እዚያ ማን ይኖራል? ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በዓመት ከ30 ሌሊት በላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ክልክል ነው። የድሮዎቹ ጀግኖች ከፓርኩ ዘበኞች ጋር ድብብቆሽ እየተጫወቱ ከርመዋል። እኔ ከፖሊስ ጋር ድብብቆሽ የምጫወትበት ዕድሜም ቀለምም የለኝም።

ሻሞኒስ? የፈረንሳይ ተራራ ወጪዎች ከተማ፣ ከሞንብላን ግርጌ። ሰው አደጋ ቢደርስበት ጀንዳርሞች በሄሊኮፕተር መጥተው ያወርዱታል፤ ከተራራው ላይ ላወረዱበትም አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ አይጠይቁም። ይህን ስሰማ ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ነገር ግን የከተማዋ የመንገድ መሪዎች ማኅበር በ1821 ተቋቁሞ፣ ከሸለቆው ተወላጅ ውጪ የሆነ ሰው አባል አድርጎ የተቀበለው በ1930 ነው አሉ፤ እሱም ፓሪስ የተወለደው ፍሪዞን ሮሽ ነው። ፓሪስ የተወለደ ፈረንሳዊ 109 ዓመት ደጅ ካስጠና በኋላ ለገባበት ማኅበር፣ ጎጃም በረንዳ የተወለደ ምን ሊባል ነው? ዛሬ ጊዜው ተለውጧል ይሉኛል። ኪራዩ ግን አልተለወጠም።

ካሊምኖስን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም። የደሴቲቱ ሰዎች የኖሩት ከባሕር ሥር ስፖንጅ እየለቀሙ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የብረት ቆብ ያለው የጠላቂ ልብስ ሲመጣ ጠልቀው ረጅም ሰዓት መቆየት ቻሉ፤ በዚያው ልክ ብዙ ጎረምሳ ሲወጣ ሽባ እየሆነ ቀረ፤ ብዙም ሞተ። በ1986 ደግሞ ስፖንጁን ራሱን በሽታ ፈጀው። ደሴቲቱ ከዚያ ቀደምም ልጆቿን ስትልክ የኖረች ናት፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ታርፐን ስፕሪንግስ የምትባለው ከተማ የስፖንጅ ሥራ የቆመው በነሱና በጎረቤት ደሴቶች ልጆች ጉልበት ነው። ድንጋዩን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ፍየል የሚንጠላጠልበት ግራጫ የኖራ ድንጋይ ነበር። በ1996 አንድሪያ ዲ ባሪ የሚባል ጣሊያናዊ ለሽርሽር መጥቶ ቀና ብሎ አየው። ዛሬ ብረት የተተከለባቸው መውጫዎች ከ3,000 በላይ ናቸው፤ እንግዳ ማረፊያውም ሻይ ቤቱም በቋጥኝ ወጪ ነው የሚያድረው።

ይህ ታሪክ ደስ ይለኛል፤ ደግሞም ይከነክነኛል። የዚያ አገር ልጅ ድንጋይ አይበላም ብሎ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ የአሜሪካ ሰው ድንጋዩን ፈልጎ ወደዚያ ይሄዳል። እኔ በሁለቱ መካከል የትኛው ነኝ? የጡረታ ደመወዝ ያለው አስተማሪ ነኝ ወይስ ስፖንጅ ለቃሚ? ክረምት ሲገባ አብዛኛው እንግዳ ማረፊያ ይዘጋል። በአሜሪካ ፓስፖርት ያለ ልዩ ፈቃድ መቆየት የሚቻለው ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ታክሲ የምነዳበት ሌሊት እዚያ የለም። ለእናቴ በየወሩ የምልከው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ስለ ላስ ቬጋስ ልናገር። ስሟን ሲሰሙ ቁማር ብቻ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ከዚያ መብራት ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢነዱ ግን ሬድ ሮክ ይገኛል፤ ቀይና ነጭ የአሸዋ ድንጋይ፣ አንዳንዱ ገደል እስከ 600 ሜትር የሚነሣ። ኤፒነፍሪን የሚባለውን ዝነኛ መውጫ በ1978 ከከፈቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆርሄ ኡሪዮስቴ ነው፤ ቦሊቪያዊ፣ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ መምህር። ከባለቤቱ ከጆአን ጋር በትርፍ ጊዜያቸው የከፈቷቸው መንገዶች እስከ ዛሬ ይወጣባቸዋል። በ2017 ኤል ካፒታንን ያለ ገመድ የወጣው አሌክስ ሆኖልድም ቤት የገዛው እዚሁ ነው። የፈለገበት መኖር የሚችል ሰው እዚህ ከኖረ እኔ ምን ቸገረኝ እላለሁ አንዳንዴ።

መግቢያው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ከጧቱ 2 ሰዓት በኋላ ለሚመጣ መኪና ቀድሞ ሰዓት ማስያዝ ግዴታ ነው። ሰውነቴ ሌሊት መንቃት ስለለመደ ሥራ በሌለኝ ቀን ከሁሉ ቀድሜ በሩ ላይ ነኝ። በጋው 40 ዲግሪ አልፎ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ሲግል ደግሞ ቻርልስተን ተራራ ላይ ደጋ አለ፤ ጥድ ያለው፣ ጃኬት የሚያስለብስ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። የሬድ ሮክ ድንጋይ ዝናብ ከጣለበት ውሃ መጥጦ ይለሰልሳል፤ ውጩ ደርቆ ቢታይም የጨበጡት ይገነጠላል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከባድ ዝናብ ከሆነ ሦስትም ቀን መጠበቅ ያሻል። የሳምንት ቲኬት ቆርጦ የመጣ እንግዳ ሆቴል ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል፤ ትዕግሥት ያጣው ወጥቶ የዘመናት መጨበጫ ሰብሮ ይሄዳል። ጎረቤት የሆነ ሰው ግን ሥራውን ይሠራል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ድንጋዩ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ከገደል አጠገብ መኖር ማለት ለኔ ይህ ነው፤ አለመቸኮል መቻል።

የታክሲ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው አሉ፤ በሱዳን በኩል በእግራቸው የወጡ። «እኛ ገደል አቋርጠን ስንመጣ ማን ገመድ ያዘልን? አንተ ደግሞ ከፍለህ ትንጠለጠላለህ» ይሉኛል። «ጋሼ፣ እርስዎ ለመኖር ነው፤ እኔ ለመጫወት ነው» ስላቸው፣ «እሱንስ ደርሰንበታል» ብለው ዝም አሉ።

እናቴ ደግሞ በስልክ፣ «ከላይ ምን አለ?» ትለኛለች።

«ምንም የለም፣ እማዬ።»

«አባቴ ደብረ ዳሞ ወጥቷል፤ በጠፍር ተንጠልጥሎ። እሱ ገዳም ሊሳለም ነው። አንተ ምንም ወደሌለበት ምን አስወጣህ?»

መልስ የለኝም። ግን ደብረ ዳሞ ላይ አንዱን ጠፍር እንግዳው ጨብጦ ሲወጣ ሌላው ወገቡ ላይ ይታሰርና ከላይ መነኩሴ ይስብለታል። አያቴም ገመድ ያዥ ነበረው ማለት ነው። በገርዓልታ ደግሞ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ቀጥ ያለውን ዐለት ይወጣል፤ ሕፃኑን ለክርስትና አዝላ የምትወጣ እናት አለች። ማይካ በርካርት የምትባል አሜሪካዊት በ2008 ስለዚያ አገር ዐለቶች መጽሐፍ ካሳተመች ወዲህ፣ ፈረንጅ ጓደኞቼ «ያንተ አገር እያለ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል። ከ2020 እስከ 2022 በዚያ ምድር ላይ የሆነውን ጦርነት እነሱም በዜና ሰምተዋል፤ ግን ድንጋዩ አይሞትም ይላሉ። እኔ ያን ዐለት የማየው በሌላ ዐይን ነው። ባለቤት አለው፤ ጻድቃን የተቀመጡበት፣ ሰው ጫማ አውልቆ የሚነካው ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ብረት የሚሰረስር መሣሪያ ይዞ መቆም አልደፍርም። አንድ ቀን እንደ ማንም ተሳላሚ ባዶ እግሬን እወጣው ይሆናል፤ ለመኖሪያ ግን አላጨሁትም።

ለአስተማሪው መልሴን ጽፌለታለሁ። በጥቅምት ለሦስት ሳምንት እመጣለሁ፤ ክፍሉን ግን ለሌላ ሰው ስጠው ብዬዋለሁ። «አውቄው ነበር፤ ማን ሊይዝልህ ነው ታዲያ?» ብሎ መለሰ።

የጋሼ የመጨረሻ ልጅ፣ የ19 ዓመቱ፣ አዳራሽ ውስጥ በተሠራ ግድግዳ ላይ መለማመድ ከጀመረ አራት ወር ሆነው። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ «ሳብ» እና «ልቀቅ» የሚሉትን አሁን ለይቷል። ሁለት ጊዜ ሆነ ብዬ ሳልነግረው ወድቄበታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ይዞኛል። አባቱ አልተደሰቱም፤ አልከለከሉምም። ሰኔ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ቻርልስተን አጭሩን መውጫ እናያለን።