«ልጅ አላችሁ?» ፦ ከነጋሽ የጉዞ ማስታወሻ



ከመቀሌ ወደ አዲግራት የሚወስደው መንገድ በሐምሌ ወር ሲያዩት ልብ ይከፍታል። ዳገቱ አረንጓዴ ለብሷል፤ በድንጋይ ካብ የታጠሩት ማሳዎች ውኃ ጠግበዋል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ልጆች የበለስ ባልዲያቸውን ይዘው ተደርድረዋል። እኛ ባልና ሚስት በ2016 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዚህ መንገድ የተጓዝነው ነጋሽን ለመዘየር ነበር። ዓሹራ ካለፈ ጥቂት ቀናት ስለሆነው የበዓሉ እንግዳ ተመልሷል።

ውቅሮን እንዳለፍን ሚኒባሱ ቆመ። ስምንት ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ እሾሁን ሳይፈራ በለሱን በቢላዋ እየላጠ በመስኮት አቀበለን። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት እናት ልጁንም እኛንም አየት አደረጉና በሚከብዳቸው አማርኛ «ልጅ አላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን።

«ገና ነን፣ እናታችን» አልናቸው።

«አላህ ይስጣችሁ። እኔ ሰባት ወልጄ አራት ቀሩልኝ፤ አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ሦስቱን ምን እንደወሰዳቸው ልንጠይቅ አልደፈርንም።

የስድስት ዓመት «ገና»

«ገና» የሚለውን መልስ ስንሰጥ ይኸው ስድስት ዓመታችን ነው። ስንጋባ ሁለት ዓመት እናቆይ ብለን ተስማማን። ሁለታችንም መምህራን ነን፤ ከደመወዛችን አብዛኛውን የቤት ኪራይ ይወስደዋል። ሁለቱ ዓመት ሲሞላ «ትንሽ ገንዘብ እንያዝ» አልን። ከዚያ ደግሞ «ኑሮው ይረጋጋ» አልን። እንዲህ እንዲህ እያለ «መቼ እንውለድ?» የሚለው ጥያቄ «ጭራሽ ባንወልድስ?» ወደሚለው ዞረ። የባል እናት ዒድ በመጣ ቁጥር «ልጅ ስጣቸው» የሚለውን ዱዓ እኛ እንድንሰማው ጮክ ብለው ያደርጋሉ። ጎረቤት ከሰላምታ በፊት ሆድ ያያል።

በከተማው ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጆች እንደምትወልድ ሲያሳይ፣ የአዲስ አበባዋ ግን 1.8 ብቻ ነበር።

በመድረሳ እንደቀራነው፣ ድህነትን ፈርቶ ልጅ መግደልን ቁርኣን በአል-ኢስራእ ምዕራፍ አጥብቆ ይከለክላል፤ የልጆቹንም የወላጆቹንም ሪዝቅ የሚሰጠው አላህ (ሱ.ወ) መሆኑን ያስታውሰናል። እርግዝናን አስቀድሞ መከላከል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሰሐቦች ዐዝል ያደርጉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) አውርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ» በተባለው ኪታባቸው ዐዝል የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝሩ፣ የሚስትን ሕይወት ከወሊድ አደጋ መጠበቅንና በልጅ ብዛት የሚመጣን ችግር መፍራትን አንስተዋል። ብዙ ዑለማእም የሚስት ፈቃድ ያስፈልጋል ብለዋል። ይህን ሁሉ እያወቅን ስድስት ዓመት አንዱን ሳንወስን ቆየን።

በመስጊዱ ግቢ

ነጋሽ ከመቀሌ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የአል-ነጃሺ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ተመትቶ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ነበር። ዙህር ሰገድን። የንጉሥ አስሐማ ነጃሺና የ15 ሰሐቦች መቃብር እንደሆነ ከሚነገርለት ስፍራ ቆመን ለቀብር ባለቤቶች ሰላምታ አቀረብን፤ ዱዓም አደረግንላቸው። ለራሳችን የለመንነው ግን አላህን ብቻ ነው።

ከዚያ ጥላ ይዘን ተቀምጠን ሙሃጂሮቹን አሰብን። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ በደል ሸሽተው ባሕር ሲሻገሩ ቤት አልነበራቸውም፤ መቼ እንደሚመለሱም አያውቁም ነበር። ያም ሆኖ በስደት ላይ ሳሉ ወልደዋል። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ለጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ዐብዱላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለዱላቸው በሐበሻ ምድር ነው። የኻሊድ ቢን ሰዒድ (ረ.ዐ) ልጅ ኡሙ ኻሊድም የተወለደችው በዚሁ አገር ነው። ይህች ልጅ መዲና ስትገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ በእጃቸው አልብሰው «ሰናህ» እንዳሏት ቡኻሪ ዘግበዋል። በሐበሾች ቋንቋ «ያምራል» ማለት ነው፤ ግእዝ የሚያውቅ ሰው «ሠናይ» የሚለውን ቃል ያስታውሳል።

ጃዕፈር በንጉሡ ፊት የቀሩት የመርየም ምዕራፍም ስለ ልጅ የሚናገር ነው። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አጥንታቸው ደክሞ፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ልጅ ይለምናሉ፤ መርየም ደግሞ ሳትጠብቅ ይሰጣታል።

ይሁንና የጃዕፈር ቤት ታሪክ በደስታ ብቻ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ629 ጃዕፈር ሙእታ ላይ ሸሂድ ሆኑ፤ ሦስቱ ልጆች የቲም ሆኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ አለቀሱም። ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸውም አዘዙ።

ይህን ስንነጋገር ሚስቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «የእኔ ነገር ገንዘቡ አይደለም» አለች። ታላቅ እህቷ በወሊድ ነው የሞተችው። እንደ እሷ ልሞት እችላለሁ የሚለው ፍርሃት ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አብሯት ነበር። ባልየውም ይህን ጠርጥሯል፤ እሱም እሷን ማጣት ይፈራል። አፍ አውጥቶ ከመጠየቅ ግን የኪራዩን ውድነት ማውራት ቀለለው። ስድስት ዓመት ስለ ብር ስናወራ ስለ እህቷ አንድ ቀን አላነሳንም። እዚያው ጥላ ሥር ሁለታችንም አለቀስን።

ከተመለስን በኋላ

አዲስ አበባ ገብተን ኢስቲኻራ ሰገድን፤ ሐኪምም አማከርን። በአገራችን ከ100,000 ወሊዶች የሚሞቱት እናቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ጥናት 871፣ በ2016 ደግሞ 412 ተብሎ ተገምቷል። ቁጥሩ ቢቀንስም ዛሬም ብዙ ነው፤ ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። ሐኪሟ የእህቷን ሁኔታ ጠይቃ፣ የእሷንም ጤና መርምራ፣ ክትትሉ ከመጀመሪያው ወር እንዲጀመር መከረችን። ከዚያ በኋላ ማቆየቱን ለመተው በሁለታችን ፈቃድ ወሰንን። ከዚህ በኋላ ያለው የአላህ ነው።

ሌሎች ባልና ሚስት እንዲሁ በግልጽ ተመካክረው ሌላ ውሳኔ ላይ ቢደርሱ ልንወቅሳቸው አይገባም። አላህ ለሻው ሴት፣ ለሻው ወንድ፣ ለሻው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሻውንም መካን እንደሚያደርግ በአሽ-ሹራ ምዕራፍ ነግሮናል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አልወለዱም፤ በእህታቸው ልጅ ስም «ኡሙ ዐብዲላህ» ይባሉ ነበር። ኡማው ግን ዲኑን ከእርሳቸው ተምሯል።

ለወጣት ባለትዳሮች የምንለው፣ ከኪራዩና ከደመወዙ ወሬ በፊት የምትፈሩትን ነገር ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ ነው። ዘመድና ጎረቤት ደግሞ ከመጠየቅ ይልቅ በድብቅ ዱዓ ያድርጉ። የሚኒባሷ እናት ግን ቅር አላሰኙንም። ጠይቀውን ዱዓ አደረጉልን፤ የራሳቸውንም አካፈሉን።

አላህ ለቀሩላቸው አራቱ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፤ የሄዱባቸውን ሦስቱን ጀነት ያገናኛቸው። ለለመኑትም ሷሊሕ ልጅ ይስጣቸው። አሚን።